ከጅዳ የመጣው ቲቪ ደሴ ላይ ተቆለፈ፦ ከፍለን በገዛነው እቃ ላይ አዛዡ ማነው?

ጦሳ ስር (ደሴ)
ሰላም የወሎ ልጆች። እዚህ የውይይት ገጽ ላይ ስለ ቲቪና ሪሲቨር ሲነሳ አብዛኛው ጥያቄ "ሲግናል ጠፋብኝ" ነው። እኔ ዛሬ ሌላ ነገር ላንሳ።

እህቴ ጅዳ ነው የምትሰራው። ለእናታችን ትልቅ ስማርት ቲቪ ገዝታ ላከች። ቀረጡ ተከፈለ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ዲሹም ያለ ችግር ሰራ። ከዋይፋይ ጋር ሳገናኘው ግን ራሱን አፕዴት አደረገ። ጠፍቶ ሲበራ "ይህ አገልግሎት ባሉበት አካባቢ አይሰጥም" የሚል ጽሑፍ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አፕ ማውረጃው አይከፈትም፣ ዩቲዩብም የለም። ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። "ምርቱን በተሸጠበት አካባቢ ይጠቀሙበት" ነው መልሳቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የአንድ ኩባንያ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? እቃው አልተበላሸም። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቦርዱ ደህና ነው። እህቴ በሰው አገር ለፍታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የገዛችውን ቲቪ የማታውቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ ዘጋው። ስትገዛው ደግሞ ማንም ይህን አልነገራትም።

እና ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መፍትሄ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ከዚያ በላይ ግን፣ በሌላ አገር ያሉ ገዢዎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እምቢ አሉ? እኛስ ምን እናድርግ?

ካቻቢቴ (ደሴ፣ ጥገና)
አብሽር ወንድሜ። ብቻህን አይደለህም። ከሳዑዲ፣ ከዱባይ፣ ከኩዌት የመጣ እንዲህ የሆነ ቲቪ ሱቃችን ድረስ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ሰው "ተበላሽቶብኝ ነው" ብሎ ነው የሚያመጣው። ከፍቼ ሳየው የተቃጠለ ነገር የለም።

መጀመሪያ ይህን ሞክር። ዋይፋዩን አጥፋና ቲቪውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሰው። እንደ አዲስ ሲነሳ አገር ይጠይቅሃል፤ የተገዛበትን አገር ምረጥ። አንዳንዱ ላይ በዚህ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ላይ አይከፈትም። እምቢ ካለ ቲቪውን እንደ ስክሪን ብቻ ቁጠረው። ትንሽ የአንድሮይድ ቦክስ ገዝተህ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰካበት። ኢንተርኔቱን ለቦክሱ ስጠው፣ ለቲቪው ግን በፍጹም አትስጠው። አደራ የምልህ፣ ከቴሌግራም የወረደ ሶፍትዌር "ልጫንልህ" የሚል ሰው ጋ እንዳትሄድ። ለሌላ ሞዴል የተሰራ ሶፍትዌር ሲጫን ቦርዱ ይሞታል፤ ያኔ በእውነት ተበላሸ ማለት ነው።

ከሩቅ መዝጋት የሚባለው ነገር ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 2021 ሐምሌ ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ ዘረፋ ተነሳ። ከሳምሰንግ መጋዘን ቲቪዎች ተዘረፉ። ኩባንያው በወሩ፣ የተዘረፉት ቲቪዎች ኢንተርኔት ሲያገኙ በመለያ ቁጥራቸው ተለይተው እንደሚዘጉ አስታወቀ። ሌባ ላይ ሲሆን ማንም አይከፋውም። ግን በዚያው መግለጫ ላይ ቴክኖሎጂው በሁሉም የሳምሰንግ ቲቪዎች ላይ አስቀድሞ ተጭኖ እንዳለ ተነግሯል። ማለትም ቁልፉ በእያንዳንዱ ሳሎን ውስጥ አለ። በማን ላይ እንደሚዞር የሚወስነው ግን ባለ ሳሎኑ አይደለም።

ሙሐባ (ሐይቅ)
እኔም ልጠይቅ፣ ካቻቢቴ ወንድሜ። አጎቴ ከአሜሪካ የልጁን ሰርግ በዲቪዲ ልኮልን ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ቡና ተፈልቶ ነበር። ማጫወቻው ላይ ስናስገባው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለላል። ከዚያ ጋር ደግሞ የልጆች ፊልም ልኮ ነበር፣ ኦሪጅናል፣ ከነማሸጊያው። እሱ ጭራሽ "ክልሉ ትክክል አይደለም" ብሎ ተፋው። ይሄም ያው መቆለፍ ነው?

ካቻቢቴ (ደሴ፣ ጥገና)
እህቴ ሙሐባ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ብዙ ሰው ስለሚቀላቅላቸው ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

የሰርጉ ዲቪዲ አልተቆለፈም። ሰው ራሱ የጻፈው ዲስክ ላይ የክልል ቁልፍ አይኖርም። ችግሩ የአሜሪካ ቪዲዮ ኤንቲኤስሲ በሚባለው ስርዓት መቀረጹ ነው፤ የእኛ አገር ፓል ነው። በማጫወቻው ወይም በቲቪው ሜኑ ውስጥ የቲቪ ስርዓት የሚለውን ወደ ኤንቲኤስሲ ወይም ወደ አውቶ ቀይሪው። ቀለሙ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይም ያለ ችግር ይታያል።

የልጆቹ ፊልም ግን አዎ፣ ሆን ተብሎ የተቆለፈ ነው። የፊልም ኩባንያዎቹ ዓለምን በቁጥር ከፋፈሏት። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። ምዕራብ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ መካከለኛው ምስራቅ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ 2። እኛ ከቀረው አፍሪካ፣ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5 ነን። የ1 ዲስክ የ5 ማጫወቻ ላይ እንዳይሰራ ተደርጎ ነው የተመረተው። ምክንያቱ ደግሞ ጥራት ወይም ደህንነት አይደለም። ፊልሙን በየአገሩ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ዋጋ ለመሸጥ ነው። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ላይማ ክልሉን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቀራል።

ይህን ቁልፍ የሰበረው ዳኛ ወይም ፓርላማ አይደለም፤ ገዢ ነው። በየአገሩ ሰው ሱቅ እየገባ "ሁሉንም ክልል ያጫውታል?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ርካሽ ማጫወቻ የሚሰሩ የቻይና ፋብሪካዎች ጥያቄውን ሰሙ። ክፍት አድርገው፣ ወይም በሪሞት ጥቂት ቁጥር ሲነካ እንዲከፈት አድርገው መሸጥ ጀመሩ። አንቺም የማጫወቻሽን ሞዴል ጻፊልኝ፤ ብዙዎቹ በሜኑ ወደ 0 ሲቀየሩ ሁሉንም ያነባሉ።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)
ባቲ ገበያ በሬ ገዝቼ ቤቴ ከወሰድኩት በኋላ ሻጩ ገመዱን ከገበያ ሆኖ ቢጎትተው አገር ይስቃል። ቲቪ ሲሆን ግን ዝም እንላለን። አቦ ምን ነክቶን ነው!

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)
ልጆቼ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው። ጦሳ ስር የጠየቀው "ሌሎች እንዴት እምቢ አሉ" የሚለው እኔንም ያስነሳኛል፤ ነገሩ የቆየ ነውና።

የቪዲዮ መቅጃ ማሽን ሲመጣ ሶኒ ቤታማክስ የሚባለውን አወጣ። ሰው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ማየት ቻለ። ዩኒቨርሳልና ዲስኒ የተባሉት የፊልም ስቱዲዮዎች ሶኒን ከሰሱ። ማሽኑ ራሱ ሕገወጥ እንዲባል ፈለጉ። ክርክሩ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 1984 በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኋላ ለማየት ቢቀዳ ጥፋት የለበትም ተባለ። በአንድ ዳኛ ድምፅ ልዩነት ነው! ከዚያ በኋላ እነዚያው ስቱዲዮዎች ከቪዲዮ ካሴት ሽያጭና ኪራይ ብዙ ገንዘብ አገኙ።

ሁለተኛው የሸማቹ ድል ነው። በ1998 ሰርኪት ሲቲ የተባለ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዲቪክስ የሚል ማጫወቻ አወጣ። ዲስኩን በርካሽ ትገዛለህ፤ ማየት ከጀመርክበት ጊዜ አንስቶ 48 ሰዓት ሲሞላው ይቆለፋል። እንደገና ለማየት እንደገና መክፈል ነው። ማሽኑ በስልክ መስመር እየደወለ ምን እንዳየህ ለኩባንያው ይናገራል። ሰው ተቆጣ። በኢንተርኔት ተጻጽፈው አትግዙ ተባባሉ። ቪዲዮ አከራዮችም ፊታቸውን አዞሩበት። በሰኔ 1999 ተዘጋ፤ ዓመት እንኳ በደንብ አልቆየም። የገዙት ሰዎች ማሽኖች ደግሞ በ2001 ከናካቴው አገልግሎት አጡ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። እቃው ደህና ነበር፤ ፈቃድ የሚሰጠው ኮምፒውተር ሲጠፋ እቃው አብሮ ሞተ።

ወልድያ ጌም (ወልድያ)
ጋሼ፣ ያሉት ነገር እዚህ በተግባር ደርሶብናል።

እኔ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ምን ሆነ መሰላችሁ። በዲስክ የገዛናቸው ጌሞች መስራታቸውን ቀጠሉ። በሌላ ማሽን አካውንት ወርደው የነበሩት ግን የቁልፍ ምልክት አወጡና ቆሙ። ማሽኑ ፈቃድ ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኢንተርኔት የለም። ከፍለን ያወረድነው ጌም እዚያው ሃርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ አይከፈትም። ልጆቹ ተራቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል።

እና ፈረንጆች በእነሱ አቆጣጠር በ2013 ያደረጉትን እኔ በጣም ነው የማከብረው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን የጌም ማሽን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ገብቶ መታየት አለበት አለ። ያገለገለ ዲስክ በመሸጥና በማዋስ ላይም ገደብ አወጣ። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው አንድ ኃላፊያቸው፣ የድሮው ኤክስቦክስ 360 አለለት ብሎ መለሰ። ወሎ ላይ ሆናችሁ ይህን አስቡት። 24 ሰዓት! እኛ መብራትና ኔትወርክ ለሳምንታት የጠፋበትን ጊዜ አይተናል።

ገዢው ግን አልተቀበለም። በየመድረኩ ጮኸ፣ ቀድሞ ያዘዘው ሰረዘ። ሶኒ በዚያው ሰሞን መድረክ ላይ ወጥቶ "የእኛው ያገለገለ ዲስክ ያጫውታል፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማይክሮሶፍት በዚያው ወር ሁሉንም ሰረዘ። ያ ተቃውሞ ባይኖር ዛሬ እኔ ሱቅ የለኝም።

ሶኒም ግን መልአክ አይደለም። በ2010 ሚያዝያ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ስርዓት) መጫን ያስችል የነበረውን ነገር በአፕዴት አነሳው። ለዚያ ብለው የገዙ ሰዎች ከሰሱት። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። ውስጡ ያለችው የሰዓት ባትሪ ስትሞትና የሶኒ ሰርቨር ሳይገኝ ሲቀር ማሽኑ ዲስክ ጌም እንኳ አይከፍትም ነበር። ጌም ወዳጆች ይህን ደርሰውበት እየፈተኑ አሳዩ፣ አጥብቀው ጻፉ። በ2021 መስከረም የወጣው 9.00 አፕዴት ላይ ድምፁን አጥፍቶ አስተካከለው።

ማሲንቆ (ደሴ)
ሁላችሁም ስለ ገዢ ነው የምታወሩት። ስለ ሰሪውም አስቡ እንጂ። እኔ ሙዚቀኛ ነኝ። ባቲና አምባሰል የእኛው አገር ስም ያለባቸው ቅኝቶች ናቸው፤ ባለሙያው ግን በችጋር ነው የሚኖረው። አንድ ዘፈን ለመስራት ስቱዲዮ ይከፈላል፣ ክሊፕ ይከፈላል። ሲወጣ በማግስቱ ፍላሽ መጫኛ ቤት ገብቶ ከሌላ መቶ ዘፈን ጋር በጥቂት ብር ይሸጣል። ከዚያ ላይ ለእኔ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰኝም። ቁልፍ ባይኖር ማን ይከላከልልኛል?

ጦሳ ስር (ደሴ)
ወንድሜ ማሲንቆ፣ ይህን ማንሳትህ ልክ ነው። የእጅህ ዋጋ እንዲከፈልህ እኔም እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር እንይ። ፍላሽ ቤቱን የትኛው ቁልፍ ነው ያስቆመው? አንድም የለም። ቁልፉ የሚይዘው ሱቅ ገብቶ የገዛውን ሰው ነው።

በፈረንጆቹ 2005 የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ ያደረገውን ተመልከት። ሲዲ እንዳይቀዳ ብሎ ድብቅ ሶፍትዌር ዲስኮቹ ላይ አስገባ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገባ ያ ሶፍትዌር ተደብቆ ይጫናል፣ ለቫይረስም በር ይከፍታል። ማርክ ሩሲኖቪች የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ደርሶበት ጻፈ። ክስ ጎረፈ፣ ዲስኮቹ ከገበያ ተሰበሰቡ። የተጎዳው ማነው? በሕጋዊ መንገድ የገዛው። ከኢንተርኔት ሰርቆ ያወረደው ሰው ኮምፒውተር ምንም አልሆነም።

በአፕል የሙዚቃ መሸጫ በአይቲዩንስ ላይ የሚሸጠው ሙዚቃ በ2009 ሙሉ በሙሉ ከቁልፍ ነፃ ሆነ። የሙዚቃ ሽያጩ ግን አልቆመም፤ ሰው መግዛቱን ቀጠለ። ስለዚህ የአንተን ጥያቄ የሚመልሰው ሕግ ነው፤ ፍላሽ ቤቱን የሚጠይቅ ሕግ። የእናቴን ቲቪ መቆለፍ ለአንተ ምንም አያመጣልህም።

ማሲንቆ (ደሴ)
ቲቪው እንዲቆለፍ አልደግፍም፤ ያ ግፍ ነው። ያልኩት ፍላሽ ቤቱም በዚሁ ሰበብ እንዳያመልጥ ነው። እዚህ ላይ ከተስማማን አብሬያችሁ ነኝ።

ሕግ ተማሪ (ደሴ)
ማሲንቆና ጦሳ ስር፣ የአገራችን ሕግ ሁለታችሁንም ያስባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቀኛውን መብት ያስከብራል፤ ፍላሽ ቤቱ እየቀዳ መሸጡ ጥፋት ነው። በዚያው አዋጅ ግን አንድ ሰው ለራሱ የግል ጥቅም የታተመ ስራ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። የኮምፒውተር ፕሮግራምን የመሳሰሉ ከዚህ የወጡ ነገሮች አሉ። ሕጉ የሰጠንን ይህን አንድ ቅጂ ቁልፉ ይነጥቀናል። ማሽኑ ለንግድ የሚቀዳውንና ለቤቱ የሚቀዳውን አይለይም።

ስለ ቲቪው ደግሞ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው እቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። "ይህ ቲቪ እዚህ አገር ኢንተርኔት ሲያገኝ ይቆለፋል" ከሚለው የበለጠ መነገር ያለበት ምን መረጃ አለ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ የሸጠው እቃ ለተለመደው አገልግሎቱ እንደሚበቃ ዋስ ያደርገዋል። ጦሳ ስር፣ የአንተ ከጅዳ ስለተገዛ እዚህ ከሻጩ ጋር መካሰስ ይከብዳል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ የገዛ ሰው ግን ሊጠይቅ ይችላል፤ ደረሰኝ ካለው።

ከውጭ አንድ ልጨምር። በፈረንጆቹ 2005 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስቲቨንስ በሶኒ ላይ ባደረገው ክርክር ሰውየውን ደግፎ ፈረደ። ስቲቨንስ ፕሌይስቴሽን ላይ የክልል ቁልፍ የሚያልፍ ቺፕ ይሸጥና ይገጥም ነበር። በዓመቱ ሕጉ ሲጠብቅ እንኳ ለገበያ ክፍፍል ብቻ የተሰራ የክልል ቁልፍ ከጥበቃው ውጭ ሆነ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ስርቆትን የሚከላከል ቁልፍ አንድ ነገር ነው። አገር ከአገር እየለየ ዋጋ የሚያበላልጥ ቁልፍ ሌላ።

የዲሽ ልጅ (መርሳ)
እኔ ዲሽ እሰራለሁ። መፍትሄው አጭር ነው፤ ቢስ ኪይ (የተቆለፈ ጣቢያ የሚከፍተውን ቁጥር) አስገብቶ መክፈት! ለቫርዚሽ ያደረግነውን ለሁሉም ማድረግ ነው። የኳስ ቀን ኪዩ ሲቀየር ስልኬ እረፍት የለውም፤ ሰው "ምስሉ ጠፋ" እያለ ይደውላል፣ አዲሱን ቁጥር እነግረዋለሁ፣ ይከፈታል።

ካቻቢቴ (ደሴ፣ ጥገና)
የዲሽ ልጅ፣ ስራህን አከብራለሁ፤ እኔም በዲሽ ነው የጀመርኩት። ግን ሁለቱን አንድ አናድርግ። ቢስ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ለጣቢያዎች ስርጭት ያወጣው መቆለፊያ ነው። ቫርዚሽ የታጂኪስታን ጣቢያ ነው፤ የገዛው መብትም ለአገሩ ብቻ ነው። ሳተላይቱ ግን ድንበር ስለማያውቅ ሲግናሉ እኛም ላይ ይወርዳል። እሱን መክፈት ያልከፈልክበትን ነገር ማየት ነው። የጦሳ ስር ቲቪ ግን ሙሉ ዋጋው ተከፍሎበታል። ሁለቱን ከቀላቀልን ኩባንያዎቹ "ያው ሌቦች ናቸው" ብለው አፋችንን ያዘጉናል።

የዲሽ ልጅ (መርሳ)
ገብቶኛል። ግን ወላሂ ሰው ሰርቆ ማየት ፈልጎ አይደለም። በአቅሙ የሚከፍለው ነገር ስለሌለ ነው። በወር ኪሱ የሚችለው አማራጭ ቢኖር ቁጥር ሲለቅም አያመሽም። አንዳንዱ የክፍያ ዲኮደር ደግሞ ወርሃዊው ሲያልቅ በነፃ የሚተላለፈውን ጣቢያ እንኳ አያሳይም፤ በገንዘብህ የገዛኸው ሳጥን ባዶውን ይቀመጣል። ሌላ ሳተላይት ላይ ልጠቀምበት ብትልም አይሆንም። እስቲ ይሄስ ልክ ነው?

ካቻቢቴ (ደሴ፣ ጥገና)
እሱ ልክ አይደለም። እዚያ ላይ እስማማለሁ። ሳጥኑ የገዢው ከሆነ በነፃ የሚተላለፈውን ማሳየት አለበት።

ኳስ ቤት (ኮምቦልቻ)
እኔ ደግሞ ፕሮጀክተር አለኝ። ሕጋዊ ነኝ፣ ለንግድ ቤት የሚከፈለውን እከፍላለሁ። ዲኮደሩን በኤችዲኤምአይ ከፕሮጀክተሩ ጋር ሳገናኝ ጥቁር ስክሪን። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ጨዋታው ሊጀመር ነው። ኬብሉን ቀየርን፣ ያው ነው። በኋላ በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ሳደርገው መጣ፤ ጥራቱ ግን ወረደ። ምንድን ነው ይሄ?

ካቻቢቴ (ደሴ፣ ጥገና)
ኤችዲሲፒ ይባላል። ኢንቴል ያዘጋጀው ነው። ምስል የሚሰጠው መሳሪያና የሚቀበለው መሳሪያ በኤችዲኤምአዩ ገመድ ቁልፍ ይለዋወጣሉ። ፕሮጀክተርህ አሮጌ ሆኖ ቁልፉ ከሌለው ወይም ያረጀ ስሪት ከሆነ፣ ዲኮደሩ ቀጂ አድርጎ ይቆጥርሃል። ቢጫው ገመድ አናሎግ ስለሆነ ይህ ጥያቄ የለበትም። ለዚህ ነው ያሳየህ።

በጣም የሚገርመው የኤችዲሲፒ ዋናው ቁልፍ በ2010 ሾልኮ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። መስረቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም መንገድ አላጣም። አንተ ከፍለህ የምታሳየው ግን እስካሁን በጥቁር ስክሪን ትቀጣለህ። ፕሮጀክተር ስትቀይር ካርቶኑ ላይ ኤችዲሲፒ መኖሩን አይተህ፣ ዲኮደርህን ይዘህ ሄደህ ሱቁ ውስጥ ሰክተህ ፈትሽ።

ከጅዳ (ጅዳ)
እኔ የጦሳ ስር እህት አይደለሁም፤ ግን እንደሷ ለቤተሰቤ ቲቪ ልኬያለሁ። እዚህ ሱቅ ውስጥ "ኢትዮጵያ ይሰራል?" ስንል "አዎ፣ ቮልቴጁ አንድ ነው" ይሉናል። እኛ የምንጠይቀው ስለ መብራት ይመስላቸዋል። ስለ ቁልፉ የሚነግረን የለም። እህቶቼ፣ ከዚህ የምትልኩ ካላችሁ ብራንዱን ይዛችሁ ዕቃው የሚሄድበት ቤተሰብ መጀመሪያ ጠጋኝ ይጠይቅ። ወይም ስማርት ያልሆነ ስክሪን ላኩ፤ ቦክሱን እዚያው ይግዙ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚገኝ እኛ ነን የምናውቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ስማርት ቲቪው መቆለፍ ብቻ ሳይሆን ያያልም። አሜሪካ ውስጥ ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ ቲቪዎች ሰው ምን እንደሚያይ ያለፈቃድ ሲሰበስብ ተገኝቶ በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ኢንተርኔቱን ከቲቪው ንቀሉ ማለቱ ለዚህም ይጠቅማል።

ሸዋ በር ነጋዴ (ደሴ)
እኔ ቲቪ እሸጣለሁ፤ ውይይቱን ከላይ ጀምሬ አንብቤዋለሁ። እውነቱን ልናገር። እኛም አስመጪው አይነግረንም። ካርቶን ሙሉ እቃ እንወስዳለን፣ ሱቅ ውስጥ በዲሽና በፍላሽ እንፈትሻለን፣ ደህና ነው ብለን እንሸጣለን። በዋይፋይ አንፈትሽም። ገዢው ከወር በኋላ ተናዶ ይመጣል፣ እኛም ከአስመጪ ጋር እንጣላለን።

አንድ ነገር ልቀበል እችላለሁ። ከአሁን በኋላ ሱቄ ውስጥ ስማርት ቲቪ የሚገዛ ሰው ፊት ዋይፋይ አገናኝቼ፣ አፕዴት አስደርጌ፣ አፕ ማውረጃውን ከፍቼ ነው የማስረክበው። ሰዓት ይፈጃል፣ ግን ይሁን። አስመጪውንም እጠይቃለሁ። ሆኖም እኔ ብቻዬን ብጠይቅ "ካልፈለግክ ተወው" ይለኛል። ገዢው በየሱቁ ከጠየቀ ግን ሁላችንም ለመጠየቅ እንገደዳለን።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)
እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለዚህ ነው። ዲቪክስን የዘጋው ይህ ነው፤ ሰው ሱቅ በር ላይ መጠየቁ።

ጦሳ ስር (ደሴ)
ሸዋ በር፣ በጣም ነው የማመሰግንህ። ሕግ ተማሪ፣ ደረሰኙ ላይ ምን ብናስጽፍ ይጠቅመናል? አጭር ይሁን፤ ነጋዴው ለመጻፍ እንዳይሰለች።

ሕግ ተማሪ (ደሴ)
ከሞዴሉና ከመለያ ቁጥሩ ስር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። "ይህ ቲቪ በኢትዮጵያ ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ሙሉ አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን ሻጭ አረጋግጫለሁ፤ በክልል ቁልፍ ምክንያት አገልግሎቱ ከተቋረጠ እቃውን ተቀብዬ ገንዘቡን እመልሳለሁ።" ፊርማና ማህተም። ሻጩ ይህን ለመፈረም እምቢ ካለ ለገዢው ትልቅ መረጃ ነው።

ሸዋ በር ነጋዴ (ደሴ)
"ገንዘቡን እመልሳለሁ" የሚለው ላይ "ወይም በሌላ እቃ እቀይራለሁ" ብትጨምርበት እፈርማለሁ። የጊዜ ገደብም ይኑረው፤ 6 ወር ይሁን።

ሕግ ተማሪ (ደሴ)
ምርጫው የገዢው ይሁን እንጂ ይጨመር። 6 ወሩ ደግሞ አንሷል፤ አፕዴት ከዓመት በኋላም ይመጣል። 1 ዓመት አድርገው።

ሸዋ በር ነጋዴ (ደሴ)
እሺ፣ 1 ዓመት። በዚህ ሳምንት አሳትመዋለሁ።

ኳስ ቤት (ኮምቦልቻ)
ጽሑፉን ኮፒ አድርጌዋለሁ። እዚህ ኮምቦልቻ ፕሮጀክተር ልገዛ ስሄድ "ክልል" የሚለውን "ኤችዲሲፒ" ብዬ እቀይረዋለሁ። የሚፈርም ሱቅ ካገኘሁ ስሙን እዚሁ እጽፋለሁ።

ሙሐባ (ሐይቅ)
ካቻቢቴ፣ አላህ ይጨምርልህ፤ የሰርጉ ዲቪዲ በቀለም መጣ። የማጫወቻው ሞዴል ከጀርባው ላይ ተፍቋል፣ ሪሞቱን ፎቶ አንስቼ ልላክልህ?